«የለም» ተብሎ የተሞላው ቅጽ

ጥቅምት 4

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣ ለእታታ፦

ይህ ደብዳቤ ከእጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ቤትሽ የሞቀ፣ የቀይ እስክሪብቶሽም ቀለም ያላለቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ በቀን አራት መቶ ሸሚዝ እየተኮስኩ አለሁልሽ። ያወጣሽልኝ ስም ዛሬም ልክ ነው፤ በእንፋሎት ደርቄ ጭራሮ እንደሆንኩ ነኝ።

አሁን ተቀምጠሽ አንብቢ። እዚህ ሰባት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለአሥር ቀን ሽርሽር በነፃ ማሳፈር ይፈቀድለታል። ሰባት ዓመቴ ባለፈው ወር ሞላ። እናቴ ብትኖር እሷን ነበር። እሷ የለችም፤ ከእሷ እኩል ያሳደግሽኝ አንቺ ግን አለሽ። መርከቡ ሚያዝያ 20 ይነሳል። መስኮት ያለው ክፍል ነው ያስያዝኩልሽ። እኔ ራሴ በሰባት ዓመት መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አድሬ አላውቅም።

ያለ ጉዞ ኢንሹራንስ መርከቡ ማንንም አያሳፍርም። መሀል ባሕር ላይ የታመመ ሰው በሄሊኮፕተር ነው የሚወሰደው፤ ሂሳቡ ቤት ያሸጣል። ስለዚህ ወደቡ አጠገብ ካለችው ወኪል ዘንድ ሄጄ ገዛሁልሽ። ቅጹ ስለ ጤና አሥራ አንድ ጥያቄ አለው። ወኪሏ «ተጓዧ እዚህ ከሌሉ አንተ በምን ታውቃለህ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እኔም የመጨረሻ ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ «እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንፋን እንኳ አይቶኝ መንገድ ይቀይራል» የሚለውን ተረጎምኩላት። ሳቀች። አሥራ አንዱንም «የለም» እያልኩ ሞላሁና ፈረምኩ፤ እሷም ማህተሟን መታችበት።

ፓስፖርትሽን አሳድሺ። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

የእጅሽ ፍሬ፣
ጭራሮ


ኅዳር 21

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮ፦

እንደምን ከርመሃል? የምትጓዝበት ውሃ ሁሉ ቢሰፈር የእኔ ሰላምታ ይበልጠዋል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። መልሴ ለምን እንደዘገየ ሰበብ አልደረድርልህም።

ደብዳቤህን ታች ቤት ላለችው ልብስ ሰፊ አነበብኩላት። ከእኔ ብሳ ጮቤ ረገጠች። «ለመርከብ የሚሆን ቀሚስ እኔ ነኝ የምሰፋልሽ» ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ወገቤን ለካች፣ ደግማ ለካች። «ወገብሽ የት ሄደ?» አለችኝ። ጡረታ በላው አልኳት።

እስቲ አንድ ወፍራም የሱፍ ጓንት ላክልኝ። እዚህ ሙቀት ነው፤ ቢሆንም ላክልኝ። ከጓንቱ ጋር ያንን የኢንሹራንስ ውል ከነቅጹ ሙሉውን፣ ጉንዳን የምታክለውን ፊደል ጭምር፣ ቅጂ አስነስተህ ላክ። በባዕድ ቋንቋ መሆኑ አያስጨንቅህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስንት ቋንቋ ለቅሜአለሁ። ያላነበብኩት ወረቀት በስሜ ሲዞር እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ቸኩለሃል። የሰው ጤና እንደ ሸሚዝ ከላይ ከላይ ታይቶ አይፈረምበትም።

መስኮት ያለው ክፍል በማለትህ ግን አንጀቴን አራስከው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 14

ለውድ አክስቴ፣ ለእታታ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጓንቱን ልኬያለሁ። ባለሱቁ «በዚህ ሙቀት ለማን ነው?» ሲለኝ ለአክስቴ ብዬ ከፈልኩና ወጣሁ።

ውሉም አብሮ አለ። አሥራ ሰባት ገጽ ነው፤ ልብ ይስጥሽ። ከጥያቄዎቹ አራተኛው «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለካንሰር ወይም ለሌላ ከባድ ሕመም ታክመዋል?» ይላል። ሰባተኛው ደግሞ «ውጤቱን የሚጠባበቁት ምርመራ አለ?» ይላል።

እታታ፣ ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። «እንደምን ከርመሃል» የሚል አለ፤ «ደህና ነኝ» የሚል የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ረስቶት ነው እል ነበር። አንቺ ግን ነጠላ ሰረዝ የማታሳልፊ ሰው ነሽ። የእጅ ጽሑፍሽም እንደ ድሮው አይደለም፤ የፊደሎችሽ እግር ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሄሊኮፕተር መጣና ወሰደው። የልብ መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ቅጹ ላይ አልተናገረም፤ ስለዚህ ኢንሹራንሱ አያገባኝም አለ። በማግስቱ ሚስቱ እኛ ክፍል ድረስ ወረደች። ለማጠብ የሰጠቻቸው ሁለት ነጭ ሸሚዞች ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ፣ የአንሶላ ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ተኩሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «አንዷ የሚቀበርባት ናት» አለችኝ። ሌላዋን ምን እንደምታደርጋት አልጠየቅኳትም።

ከስድስት ዓመት በፊት «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለው ደብዳቤሽ በደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን የእናቴን ሞት ሰማሁ። ይህን አንድም ቀን አንስቼብሽ አላውቅም። ዛሬም አላነሳም። ይህችን ብቻ መልሺልኝ፤ ደህና ነሽ?

ጭራሮ


ጥር 17

ለጭራሮ፦

ሰላም ለአንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ጓንት አጥልቄ ነው፤ ፊደሉ ቢያስጠላህ ጓንቱን የገዛኸው አንተ ነህ።

ላነሳኸው ጥያቄ መልሱ፦ አይደለሁም።

ባለፈው ግንቦት ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አንጀቴ ላይ ካንሰር አገኙ። ሰኔ ላይ ቀደው አወጡት። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ ሄጄ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ መድኃኒቱ በክንዴ በኩል ጠብ ጠብ ይልልኛል። ጸጉሬ አልረገፈም። ጣቶቼ ግን ይደነዝዛሉ፤ ብረት ነገር ስነካ፣ የበር እጀታም ቢሆን፣ ቀዝቀዝ ካለ እንደ መርፌ ይወጋኛል። ሰው «አንጀቴን በላው» ሲል በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። እኔን እውነትም በላኝ።

ያቺን የጉንፋን ቀልድ የጻፍኩልህ ነሐሴ ላይ እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ፣ ግራ ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ነው። ደብዳቤ ሲጀመር «ደህና ነኝ» ይባላል፤ እኔና እናትህ እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው። ሰላምታ ነው እንጂ የሐኪም ወረቀት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ደግሞስ ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ውሃ ላይ ያለ ሰው ጭንቅ ይዞ የት ይሄዳል?

ውሉን ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩት። ገጽ ስምንት ላይ የፊደል ግድፈት አለ፤ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ዓረፍተ ነገር ቆሟል። ትልቁ ስህተት ግን ገጽ ሁለት ላይ፣ በአንተ እጅ የተጻፉት አራተኛና ሰባተኛ መልሶች ናቸው። ገጽ አሥራ አንድ ደግሞ የተደበቀ ሕመም ከተገኘ ውሉ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ ሂድና አርመው። አክስቴ ታማለች በላት።

አንተ አትምጣ። የሚያስመጣ ነገር የለም። ሌላም የቆየ ስህተት አለብኝ፤ እሱን ለማረም ግን ዛሬ ድፍረቱ የለኝም።

አክስትህ


የካቲት 3

እታታ፦

ሰላምታውን ለዛሬ እለፊኝ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምጽፍልሽ።

ዘጠኝ ወር! ቀደው ሲሰፉሽ፣ መድኃኒት ሲያንጠባጥቡብሽ ልብስ ሰፊዋ ታውቅ ነበር? ፖስታ አመላላሹስ ያውቅ ነበር? እኔ ብቻ ነኝ ጉንፋን መንገድ ይቀይራል እያልኩ ለማላውቃት ሴት ሳነብ የነበርኩት። በመሀላ ፊርማዬን አስቀምጬ የዋሸሁት እኔ፣ ያስዋሸሽኝ አንቺ!

ቅጹ ትራሴ ሥር ነው። አላረምኩትም። አብሮኝ የሚሠራው አንሶላ አጣጣፊ «ካረምከው አይቀበሏትም፤ አሥር ቀን እኮ ናት፣ በአሥር ቀን ምን ይመጣል?» ይለኛል። ያንን ሽማግሌ ረስቶት አይደለም፤ ለእኔ አዝኖ ነው። እኔም ሳስበው ልክ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ጣትሽ ጓንት ውስጥ ስለሆነ ማንም አይጠይቅሽም። አንዴ ከተሳፈርሽ አሥር ቀን አይሻለሁ። ካረምኩት ግን ላላይሽ እችላለሁ።

እና ዝም ብለሽ ነይ። ዝም ማለት እንደሆነ ትችይበታለሽ።

ወይም ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ? አንድ ቃል ጻፊልኝና እመጣለሁ።

ጭራሮ


የካቲት 22

ለጭራሮዬ፦

በያለህበት ሰላምህ ይብዛ። ምላስህ ከማጠቢያ ቤቱ ሶዳ ይብስ ያቃጥላል። ይሁን፤ የዋጥኩት ነገር ነው። ዝም ማለት እችልበታለሁ። በሕይወቴ በደንብ የተማርኩት እሱን ሳይሆን አይቀርም።

በሐሰት ወረቀት ግን አልሳፈርም። መሀል ባሕር ላይ ብወድቅ ያንን ሄሊኮፕተር ዕድሜ ልክህን ሸሚዝ ብትተኩስ አትከፍለውም። ያቺ ሴትዮ የአንሶላ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሸሚዞቹን ስትጠብቅ አንተ አይተሃታል። እኔ ደግሞ አንተን እዚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ቀሚሴን ስትጠብቅ አያለሁ። እንዲህ ዓይነት ሽርሽር ይቅርብኝ።

እርማቱን ራሴ ጽፌዋለሁ። መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ሲገኝ መጨረሻው ገጽ ላይ እንደምንለጥፈው ማረሚያ አድርጌ፣ በቀይ ቀለም፣ በባዕዱም በእኛም ቋንቋ ጻፍኩት። «በአራተኛው ጥያቄ ‹የለም› የሚለው ‹አዎ፣ የአንጀት ካንሰር› ተብሎ ይነበብ። በሰባተኛው ጥያቄ ‹የለም› የሚለው ‹አዎ› ተብሎ ይነበብ።» ፈርሜበታለሁ። ለወኪሏ ስጣት።

ሐኪሜ ሲያስብ እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ የሚያደርግ ሰው ነው። ስለ መርከቡ ስነግረው አሥር ጊዜ ያህል ቀጭ ቀጭ አደረገና «መጋቢት ላይ ፎቶ እናነሳለን፤ ባለበት ከቆመ እፈርምልሻለሁ» አለኝ። እኔም ባለበት እንዲቆም እየለመንኩት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስህተት ስከለክል ኖሬ አንዷን መከልከል ያቅተኛል?

ቀሚሱ ተሰፍቷል፤ ሰማያዊ ነው። ሁለት ጊዜ አጠበበችው።

አንተ አትምጣ፤ እኔ ነኝ የምመጣው። መርከብህ ላይ እንገናኛለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የገለጠው ያገኝ እንደሆነ እስቲ እንይ።

አክስትህ


መጋቢት 9

ለምወድሽ አክስቴ፣ ለእታታ፦

ጤናሽን እንደምን ይዞሻል? ዛሬ ለወጉ አይደለም የምጠይቅሽ። ባለፈው ስለጻፍኩት ይቅርታሽን እለምናለሁ። ደብዳቤው ከእጄ ከወጣ በኋላ መልሼ ባነሳው ብዬ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ዞሬ ነበር፤ እጅ አያስገባም።

ማረሚያሽን ይዤ ወኪሏ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ፊቷ በቀላሉ የማይፈታ ሴት ናት። ቀዩን ጽሑፍ አነበበች፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አነበበች። ልባረር ነው ብዬ ወደ በሩ አየሁ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ» አለችኝ፤ «‹የለም› ያለውን ገና ሳይያዝ በገዛ እጁ ‹አዎ› ብሎ ያረመ ሰው አላጋጠመኝም። አክስትህ ምን ነበሩ?» አራሚ አልኳት። «እንዲህማ ከሆነ» አለችና ስልኩን አነሳች።

አራት ቀን አመላለሱኝ። በመጨረሻ ተቀበሉ። ትንሽ ተጨምሮበት ካንሰሩም ጭምር ዋስትና ያገኛል፤ ብትታመሚ ሄሊኮፕተሩም ሆስፒታሉም በእነሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፦ ሐኪምሽ ሕመሙ ባለበት ቆሟል፣ መጓዝ ትችላለች ብሎ ፈርሞ እስከ ሚያዝያ 5 መላክ አለበት። ካልፈረመ ውሉ ይፈርሳል፤ ከጉዞው በፊት ስላረምነው ግን የተከፈለው ተመላሽ ይሆናል።

ክፍልሽን አየሁት። ከአልጋው ሳትነሺ ባሕሩ ይታያል። መስኮቱን በእጄ ወለወልኩት። ከዚያ የበሩን እጀታ ስይዘው ቀዘቀዘኝ። የመታጠቢያ ቤቱም፣ የቁም ሳጥኑም ብረት ናቸው። ከመተኮሻ ሰሌዳችን የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ነበረኝ፤ እያንዳንዳቸውን ጠቀለልኳቸውና ሰፋኋቸው። የክፍል አስተናጋጁ ምን እብደት ነው አለኝ፤ የአክስቴ ጣት ነው አልኩት።

ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ በሁለት ቀን ይለቀኛል። ልምጣ ብዬ ግን ዳግመኛ አልጠይቅሽም፤ መልስሽን አውቀዋለሁ። ያንን የቆየ ስህተት ብቻ ንገሪኝ። ፊት ለፊት ለመናገር ከከበደሽ መርከቡ ላይ ሳትመጪ ጻፊልኝ።

የእጅሽ ፍሬ፣
ጭራሮ


መጋቢት 28

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮ፦

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የያዝከው እጀታ ሁሉ ይሙቅልህ።

ፎቶው ተነሳ። ጉበቴ ላይ ሦስት ቦታ ታይቷል። ሐኪሜ እስክሪብቶውን ቀጭ አላደረገም፤ ገና ሳይናገር በዚህ አወቅኩት። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ አልፈረመም። «ከእንግዲህ ከአጠገቤ ባትርቂ ይሻላል» አለኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ ብዬ ጠየቅኩት። ቁጥር አልሰጠኝም፤ «ክረምቱን እንድናልፈው እሞክራለሁ» ነው ያለው። ለወኪሏ እንደዚህ ብለህ ንገራት፣ አመስግናትም። የእጀታዎቹን ጨርቅ ፍታቸው። የሚቀጥለውን ሰው ግራ ያጋባዋል።

ልብስ ሰፊዋ ስትሰማ ሰማያዊውን ቀሚስ አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም ነበር። ቤት ገብቼ ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ስከት ግን አለቀስኩ። ያንን መስኮት ማየት በጣም ፈልጌ ነበር። አንተን ማየት ከዚያም ይበልጥ ፈልጌ ነበር።

አሁን የቆየውን ልንገርህ።

እናትህ ያን ጊዜ ስትታመም ደብዳቤ ጻፊልኝ ብላ የጠራችኝ ራሷ ናት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «ምን ልበለው?» አልኳት። «ና በይው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንተ ሥራ ከጀመርክ ገና ዓመት አልሞላህም ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ የጠየቀ ይባረራል ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ አሳቢዋ፣ እኔ አዋቂዋ፣ እንጀራው ይቀርበታል ብዬ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩ። «ጻፍሽው?» አለችኝ። «ጻፍኩት» አልኳት። ዓይኗ ደክሞ ማንበብ አትችልም ነበር።

ሃያ ስድስት ቀን በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገቷን ከትራሱ ቀና ታደርግ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ብትጠላኝ ይገባኛል። በየደብዳቤዬ «ደህና ነኝ» እያልኩ የኖርኩት አንተን እንዳላስጨንቅ ብቻ አልነበረም፤ እሷ የለመነችኝን ቃል ለእሷ ነፍጌ ለራሴ መጻፍ ስላፈርኩ ነው።

ማረሚያ።

ከስድስት ዓመት በፊት በጻፍኩት ደብዳቤ፣ በሁለተኛው መስመር፣ «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለው «እናትህ ና ትልሃለች» ተብሎ ይነበብ።

ጥር 17 እና የካቲት 22 በጻፍኳቸው ደብዳቤዎች «አትምጣ» የሚለው «ና» ተብሎ ይነበብ።

አክስትህ፣
እታታ